ኦይታ አፉን የከፈተበት ቀን

ፒክአፗ ከጫኖ ተነሥታ አርባ ምንጭ እስክትገባ ድረስ ኦይታ የጋቢውን ጫፍ ከአፉ ላይ አላነሣም። የተቀመጠው በተከመረ ጥሬ ሙዝ ላይ ነው፤ መኪናዋ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከሙዙ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወድቃል። ከፊቱ የተቀመጡት ሁለት የገበያ ሴቶች አዝነውለት «አባባ፣ አቧራው ነው?» ቢሉት ራሱን ነቀነቀ። አቧራ ቢሆንማ በወደደ። ምላሱ አሁንም አሁንም ወደ ሁለቱ የታች የፊት ጥርሶቹ ትሄዳለች፤ ትነካቸዋለች፤ እነሱም ይነቃነቁላታል። በስተግራ አባያ የጠዋት ፀሐይ አርፋበት ሸክላ መስሏል። ኦይታ ግን ሐይቁን አላየውም። ዛሬ ይነቀላሉ። ቆርጦ ነው የወጣው።

በጫኖና በዙሪያዋ የኦይታ አፍ የአገር ሀብት ነበር። ዱላ በተማዘዙ ሰዎች መካከል ቆሞ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ እስኪዞር ይናገራል፤ የሩቁን ከቅርቡ፣ የአያትን ከልጅ ልጅ እያገናኘ ይወስዳል፣ ይመልሳል፤ ሲጨርስ ተጣዪዎቹ ከጸቡ ይልቅ የእሱን ነገር ሲያብላሉ ይገኛሉ። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የማዳበሪያ ማከማቻ ከሆነ ወዲህ እንኳ ሰው ወደ ቤቱ እየመጣ «ኦይታ፣ አንድ ቃል በለን» ይለው ነበር። አንድ ቃል ማለት ለኦይታ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሚስቱ አበቡ ይህን ስለምታውቅ እንግዳ ሲመጣ አስቀድማ ሽሮዋን ከእሳት ላይ ታወርዳለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ያ አፍ ከዳው።

ነገሩ የማቴዎስና የታምሩ ነው። ማቴዎስ የመስኖው ቦይ ከሚነሣበት፣ ታምሩ ከቦዩ ግርጌ ያርሳሉ። የካቲት ገብቶ ውኃው ሲያንስ የላይኛው ሙዝ ጠጥቶ ይጠግባል፣ የታችኛው መሬት ይሰነጠቃል። አንድ ጠዋት ታምሩ ተራዬ ደረሰ ብሎ ቦዩን ሊከፍት ወጣ። ማቴዎስ አልደረሰህም አለ። በቃል መካከል የማቴዎስ አካፋ የታምሩን ትከሻ አገኘው። አጥንት አልተሰበረም። ሁለቱ ቤቶች ግን ከዚያ ወዲህ እሳት መጫጫር ተዉ፤ ልጆቻቸው መንገድ ቀየሩ፤ የታምሩ ወንድሞች አካፋ ሳይዙ ከቤት መውጣት አቆሙ።

ሽማግሌዎቹ በዱቡሻው ተቀመጡ። ዱቡሻ ሰው ለነገር የሚሰበሰብበት፣ ማንም የማያርሰው የሣር ሜዳ ነው። ኦይታ ተነሥቶ ነገሩን ጀመረ፤ ገና ወደ አያቶቻቸው ስም ሳይደርስ ከንፈሩ ረጠበበት። በእጁ ጀርባ ሲያብሰው ደም ነው። ጠብታው በነጭ ጢሙ ላይ ወርዶ ጋቢው ላይ አረፈ። በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና «አስታራቂው አፍ ደም ካሳየ እርቁ ዛሬ አይወርድም» አሉ። ሰው ሁሉ ልብሱን አራግፎ ተነሣ። ማቴዎስና ታምሩ በሁለት መንገድ ሄዱ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገነነ ይህን ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከበላዩ ያሉትን ይፈራል። «እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ማታ ልጠብቃችሁ» አለ። «ካልታረቁ ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ወደ አውራጃ እልካቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ይወጣል።» በዚያ ዘመን ወደ አውራጃ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ ልኩን የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የኦይታ ዕቅድ ቀላል ነበር፤ ደሙን የሚያመጡትን ሁለት ጥርሶች አስነቅሎ፣ በምሳ ሰዓት ጫኖ ተመልሶ፣ አሥር ሰዓት ላይ በዱቡሻው ይቆማል። አበቡ ስትሸኘው የሰጠችው ምክር አንድ ብቻ ነው። «ሲነቅሉህ እንዳትጮህ። በሐኪም ቤቱ የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ።»

የጥርስ ክፍሉ ጠባብ፣ ግማሽ ግድግዳው አረንጓዴ የተቀባ፣ አንድ መስኮት ያለው ነበር። በግድግዳው ላይ ማይምነትን እናጥፋ የሚል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ ሥር አንድ የብረት ወንበር ተዘርግቶ ይጠብቃል። ኦይታ ወንበሩን ያውቀዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት መንጋጋውን እዚሁ ትቶ ሄዷል። ያኔ የነበሩት ሰውዬ ግን አሁን የሉም፤ በቦታቸው ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ሃያ አምስት ዓመት እንኳ የማይሞላት የምትመስል ወጣት ቆማለች። መነን እባላለሁ አለችው።

«ሁለቱን የፊት ንቀልልኝ፣ ልጄ» አላት። አማርኛን የለመደው ጎልምሶ፣ በገበያና በፍርድ ቤት ደጃፍ ነው፤ በእናቱ ቋንቋ በጋሞኛ «አንተ» እና «አንቺ» አንድ ቃል ስለሆኑ ሴቱን ሁሉ «አንተ» ይላል። «ቶሎ አድርግ። አሥር ሰዓት ሰው ይጠብቀኛል።»

መነን ፈገግ ብላ እጇን ታጠበችና ወንበሩን በእግሯ እየረገጠች ከፍ አደረገችው። «መጀመሪያ ልያቸው፣ አባባ።»

አየች። በትንሽ ክብ መስተዋት ከውስጥ አየች፣ ከውጭ አየች፤ ሁለቱን ጥርሶች በጣቷ ያዝ አድርጋ ወዘወዘቻቸው፤ ድዱን በቀጭን ብረት ነካ ስታደርገው ደሙ ወዲያው ብቅ አለ። ኦይታ ዓይኑን ጨፍኖ ጉጠቱን ጠበቀ። ጉጠቱ አልመጣም።

«በምን ነበር የሚያጸዷቸው?» አለችው።

«በመፋቂያ። በፊት። አሁን ሲነካ ይደማል፤ ስለሚደማ ተውኩት። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«አባባ፣ ስለሚደማ ነው የተዉት፣ ወይስ ስለተዉት ነው የሚደማው?»

ኦይታ ዓይኑን ገለጠ። ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቀዋል። ሰው ነገሩን በአንድ በኩል አቁሞ ሲመጣ እሱ ራሱ በዱቡሻው ላይ የሚገለብጥበት አገላበጥ ነው። ሌላ ሰው በእሱ ላይ ሲገለብጠው የመጀመሪያው ነበር።

ልጅቷ የእጅ መስተዋት ሰጠችውና የራሷን ትንሽ መስተዋት ከጥርሶቹ ኋላ አስገባች። «ይመልከቱ። ይህን ቡናማ ነገር አዩት? ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲቆይ እንደሚጋገረው ያለ። ይህ ጥርስ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። የምግብ እድፍ በየቀኑ ካልተጠረገ ከምራቅ ጋር ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ወደ ድዱ ሥር ይገባል። ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል፤ ሽታውም የዚያ ነው። ሲብስ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሸሸ ይሄዳል። የእርስዎ ጥርሶች አንዳቸውም አልተበሉም። ጤነኞች ናቸው። የታመመው ቤታቸው ነው።»

ሽታ የምትለው ቃል ስትወጣ ኦይታ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ያን ቃል እስካሁን ፊት ለፊት የነገረው ሰው አልነበረም። እሷ ግን እንደ ተራ ነገር አለፈችው፤ ስለ ዝናብ የምታወራ ነው የሚመስለው። ያ ቀለለው።

ቢሆንም እጁን አልሰጠም። «እሺ፣ ድንጋይ ነው። ግን ይኸው ድንጋይ እኮ ነው ጥርሴን ደግፎ የያዘው። ድንጋዩን ብታነሣው ጥርሱ ይወድቃል።»

«ሁሉም እንዲሁ ይሉኛል» አለች መነን። «ድንጋዩ አልያዘውም፣ አባባ። ድድዎን እያባረረ ነው። አጥቤ ካነሣሁት ድዱ ተመልሶ ጥርሱን ያቅፋል። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ ይጸኑልዎታል ብዬ አልምልልዎትም፤ ተነቃንቀዋል። ግን ሥራቸው ገና አጥንት ውስጥ ነው። የታጠበ ጥርስ ካልሆነለት ኋላም ይነቀላል። የተነቀለ ግን አይመለስም።»

«ስንት ሰው አጠብክ እስካሁን?»

ጥያቄው ሲደርሳት ወጣቷ ብረቶቿን ማስተካከል ጀመረች። እያስተካከለችም እንዲህ አለች፦ «እዚህ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። የነቀልኩት ከሁለት መቶ ይበልጣል። ያጠብኩት ስድስት ሰው ነው። ከስድስቱ አራቱ እዚሁ የሚሠሩ ናቸው፤ ለምኜ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

ኦይታ ሳቀ። አፉን መሸፈን እንኳ ረሳ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ሺህ ይለው ነበር። በሽምግልና ዘመኑ ብዙ ሰው ሲምል አይቷል፤ የማይጠቅመውን እውነት ሳይጠየቅ ጨምሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው ያጋጠመው። ስለዚህ የመጣበትን ሁሉ ነገራት፤ ስለ ቦዩ፣ ስለ አካፋው፣ በጢሙ ላይ ስለ ወረደው ደም፣ ነገ ጠዋት ስለሚላኩት ሁለት ሰዎች።

መነን ቆማ አዳመጠችው። «ስነቅልም ይደማል፣ ሳጥብም ይደማል። አልዋሽዎትም» አለች በመጨረሻ። «የእጥበቱ ግን ያነሰ ነው፤ ከቀትር በፊት ይቆማል ብዬ አስባለሁ። አንድ ነገር ብቻ አለ። ዛሬ ብዙ መናገር የለብዎትም። ድድዎ ቁስል ነው የሚሆነው፤ ከንፈርና ምላስ ብዙ ሲንቀሳቀስ እንደገና ይደማል።»

«ብዙ አልናገር?»

«አጭር አጭር።»

ከዚህ ሁሉ የከበደው ይኸኛው ነበር። ኦይታ የጋቢውን ጫፍ በጣቶቹ መካከል ሲያሸ ቆየ። ከዚያ ራሱን በወንበሩ ላይ አጋደመ። «እጠብ» አለ።

ሕመሙ እንደፈራው አልነበረም፤ ድምፁ ግን ከፍቶ ነበር። ጫፏ የታጠፈችው ቀጭን ብረት ከድዱ ሥር ገብታ ወደ ላይ ስትስብ፣ ጩኸቷ በጆሮው ሳይሆን በራስ ቅሉ ውስጥ ያስተጋባል፤ የድስት ቂጥ በአሸዋ የሚፋቅ ይመስላል። አንድ ጊዜ ቀጭን ብርድ ከጥርሱ ተነሥቶ እስከ ጆሮ ግንዱ ሄደና ጣቶቹ የወንበሩን ክንድ ጨመደዱ። አልጮኸም። አበቡን አሰባት። «ይትፉ» ስትለው ይተፋል፤ «ይጉመጥመጡ» ስትለው ይጉመጠመጣል። ከዚያ አንድ ነገር ቃ ብሎ ከነጩ ሳሕን ላይ ወደቀ። የበቆሎ ፍሬ ግማሽ የሚያህል፣ ከውጭ ጥቁር ከውስጥ ቢጫ ድንጋይ። ኦይታ ለረዥም ጊዜ አየው። ይህን ይዞ ስንት ሰው አስታርቋል?

መነን እየሠራች ታወራ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው። እናቷ በአርባ አምስት ዓመታቸው አንድም ጥርስ አልነበራቸውም፤ ከተነቀሉት ውስጥ ግን አንድም የተበላ አልነበረም። ትምህርት ቤት ገብታ ስለ ድድ የተማረች ቀን ከክፍል ወጥታ አለቀሰች። እዚህ ተመድባ ስትመጣ «ሕዝቡ የሚፈልገው ማስነቀል ነው፤ አትድከሚ» አሏት። እሷ ደግሞ መድከም ትወዳለች። ይህን ሁሉ ኦይታ አፉ ተከፍቶ፣ ጥጥ በጉንጩ ተወትፎ ሰማ። ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገር ምንም ሳይመልስ መስማቱ በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሦስት ጊዜ ያህል ግሩም መልስ መጥቶለት ሦስቱንም ዋጣቸው።

«የታቹ አለቀ። የላዩን ቅዳሜ እንጨርሳለን» አለችና ጥጡን አወጣች።

ኦይታ ምላሱን ላከ። ምላሱም ደንግጣ ተመለሰች። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ክፍተት አለ! ነፋስ ይገባል! ከኋላ በኩል ለዓመታት የለመደችው ጉብታ የለም፤ ጥርሶቹ ቀጥነው፣ ረዝመው፣ ራቁታቸውን ቆመዋል።

«ልጄ! ጥርሴን ፈለፈልከው እኮ!»

«አልነካሁትም፣ አባባ። ይመልከቱ።» መስተዋቱን አቀረበችለት። «ያ ቦታ የድንጋዩ ነበር። ድዱ እስኪሰበሰብ ጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይሰማዎታል። ለብ ባለ ውኃ ጨው እየጨመሩ ይጉመጥመጡ። መፋቂያውንም ከነገ ጀምረው በቀስታ፣ ድዱና ጥርሱ በሚገናኙበት ላይ። ቢደማም አይተዉት።»

ኦይታ አመስግኗት ወጣ፤ ልቡ ግን ወንበሩ ላይ እንደቀረ ነው። ወደ ጫኖ የሚመለስ መኪና እስኪያገኝ ድረስ በመንገዱ ዳር ቆሞ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ሊያስነቅል መጥቶ አሳጥቦ ይመለሳል። ጥርሶቹ አሁንም ይነቃነቃሉ። ደሙም ቢሆን ይኸው በመሐረቡ ላይ እንደ ጽጌረዳ ውኃ ቀላ ያለ እድፍ ይተዋል። ስድስት ሰው ብቻ ያጠበች ልጅ! ሰባተኛው ሞኝ እኔ ሆንኩ እንዴ?

አሥር ሰዓት ሲሆን ዱቡሻው ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማቴዎስ ከወንድሞቹ ጋር በፀሐይ መውጫ በኩል፣ ታምሩ ከወንድሞቹ ጋር በፀሐይ መግቢያ በኩል። በመካከላቸው ያለውን ሣር የረገጠ ሰው የለም። ገነነ ካኪውን ለብሶ፣ ቀይ ክላሴሩን በብብቱ ይዞ፣ ሳይቀመጥ ቆሟል። እዚያ ክላሴር ውስጥ የሁለቱ ሰዎች ስም የሰፈረበት ደብዳቤ እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ኦይታ ተነሣ። እንደ ልማዱ ሣሩ መካከል ገብቶ ጋቢውን በትከሻው ላይ አስተካከለ። ሰዉም ለረዥም ነገር እግሩን አመቻቸ። ኦይታ አፉን ሊከፍት ሲል ግን ከምላሱ ሥር የጨው ጣዕም መጣበት። ጨው ይሁን ደም አላወቀም። ከንፈሩን ገጠመ። በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት ዓይናቸውን አጥብበው ጢሙን እየተመለከቱ ነው። አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉም ልብሱን አራግፎ ይነሣል፤ ከዚያ ዓርብ ይሆናል።

አንድ ሰው ሳለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህን ተረት ኦይታ ራሱ በዚህ ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ተርቶታል። ለራሱ ሲሆን ግን ሁለት ዓመት ጋቢ ውስጥ ደበቀው። ድንገት ወደ አንዱ ድንጋይ ሄዶ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ።

«ማቴዎስ፣ ና። ታምሩ፣ አንተም ና» አለ። «አፌን እዩ።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ኑ እንጂ! ባለፈው ደም አይታችሁ ሄዳችሁ። ዛሬ የታቹን ታጥቤ መጥቻለሁ፤ ከየት እንደሚመጣ እዩ።»

የሽማግሌ ቃል ነውና ሁለቱ ተነሡ። በየበኩላቸው ዞረው፣ አንዳቸው ሌላውን ላለማየት እየተጠነቀቁ መጡ፤ አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው ቆመ። ኦይታ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን እስከሚችለው ከፈተ፤ የታች ከንፈሩንም በጣቱ ጎትቶ ያዘ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ማቴዎስ ረዥም ስለሆነ ጥላው በአፉ ላይ ወደቀ።

ታምሩ ትንሽ ታገሠ። ከዚያ «ራስህን አንሣልኝ፣ አልታየኝም» አለ።

ማቴዎስ ራሱን አነሣ። «በዚህ በኩል ና። ከዚህ ሲያዩት ነው የሚታየው።»

ከአካፋው ጠዋት ወዲህ ሁለቱ የተለዋወጡት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ኦይታም ሰምቷል፤ ነገር ግን አፉ እንደተከፈተ፣ ከንፈሩ እንደተጎተተ ስለነበር ምንም ማለት አልቻለም። ዓይኖቹ ብቻ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጡ ነበር። ታምሩ ወደ ማቴዎስ ዞሮ መጣ፤ ያበጠው ትከሻው የማቴዎስን ክንድ ነካው፤ አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም።

«ድዱ ነው» አለ ማቴዎስ። «ጥርሱስ ነጭ ነው። እዚህ ጋ ተፍቋል።»

«ኧረ ይኼ የኔም ነው» አለ ታምሩ። «የኔም ስፍቀው ይደማል። ለማንም አልነገርኩም።»

«የኔም» አለ ማቴዎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አዛውንቱ ከድንጋያቸው ተነሥተው፣ ዱላቸውን እያስቀደሙ መጥተው ሁለቱን ገፋ አደረጉና እሳቸውም አዩ። «ይህማ እርቅ የሚከለክል ደም አይደለም» አሉ ቀና ብለው። «የድድ ነው።» ከኋላ ካሉት አንዱ ሳቀ። ሌላው ተቀበለው። ሳቁ ከፀሐይ መውጫ ተነሥቶ ወደ ፀሐይ መግቢያ ተሻገረ፤ የታምሩ ወንድሞች አካፋዎቻቸውን ተደግፈው ሳቁ። ገነነ እንኳ ክላሴሩን ወደ ሌላው ብብቱ አዛውሮ ቀረብ አለና፣ ሰው እንዳይሰማው በኦይታ ጆሮ «ጓድ ኦይታ፣ ሲታጠብ ያማል?» ሲል ጠየቀ፤ እጁ የራሱን ጉንጭ ይደባብስ ነበር።

ኦይታ ከንፈሩን ለቀቀ። «ዛሬ ብዙ መናገር ተከልክያለሁ» አለ። «ሐኪሟ ከልክላኛለች። ውኃውን ራሳችሁ ተነጋገሩ።»

ሰዉ ለኦይታ ነገር እንጂ ለራሱ ነገር ተዘጋጅቶ አልመጣም። ከዚያ ማቴዎስ ስለ ቀናቱ ጀመረ፤ ታምሩ አቋረጠው፤ ማቴዎስ መለሰ። ሁለት ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሁለት ጊዜ ኦይታ ሊነሣ ቃጥቶት ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ። ሰኞና ማክሰኞ የላይኛው፣ ረቡዕና ሐሙስ የታችኛው፤ ዓርብስ? ዓርብ ላይ ነገሩ ተቆላለፈ። ታምሩም በመካከል ክርክሩን ተወው። ትከሻውን በእጁ ያዘና ስለ ውኃ ያልሆነ ነገር ተናገረ።

«ስምንት ቀን ተኛሁ። ከቤትህ እስከ ቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። አልጠየቅኸኝም።»

ማቴዎስ መሬት መሬት አየ። «መጥቼ ነበር። ሦስተኛው ቀን። ከበርህ ደርሼ ስታቃስት ሰማሁና አፍሬ ተመለስኩ።»

ኦይታ ከንፈሩን እንደገጠመ ሁለቱን አያቸው። ባለፈው ለዚህ ጉባኤ ያዘጋጀው ነገር ከአያቶቻቸው ይጀምራል፤ በአባቶቻቸው በኩል ያልፋል፤ በሦስት ምሳሌ ያርፋል። በዚያ ሁሉ ውስጥ ይህ በር የለም። ስለ በሩ ማንንም አልጠየቀም ነበር።

ለእርቅ ምልክት ሣር ተነጨ። እጅ ለእጅ ተያያዙ። ገነነ ደብዳቤውን አወጣ፣ አየው፣ ለአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ዓርብን ደግሞ በተራ» አለ፣ ሐሳቡ የእሱ እንደሆነ ሁሉ። ሰዉ ሲበተን ታምሩ ወደ ኦይታ መጥቶ ወደ ሐኪሟ መቼና በየትኛው መኪና እንደሚመለስ ጠየቀው፤ ከእሱ ኋላ ማቴዎስ፣ ከማቴዎስ ኋላ ሌሎች አራት ሰዎች ቆመው መልሱን ይጠብቁ ነበር። ኦይታ በልቡ ቆጠረ። ልጅቷ በአራት ወር ያጠበችውን ያህል ሰው ነው።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ ወደ ጋሞ ተራሮች አዘቅዝቃለች። አበቡ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«ታረቁ?»

«ታረቁ።»

«ምን ብለህ?»

«ምንም።»

ቅጠሉን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። «ነቀሉህ?»

ኦይታ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ሲነጋገር ፊቱን ወደ ጎን ያደርግ ነበር፤ ሲተኙም ጀርባውን ይሰጣታል፤ ጫን ያለች ቀን «ሙቀቱ ነው» ይላታል። አሁን ግን ፊቱን አላዞረም። አፉን ከፍቶ አሳያት። አበቡ በሻሽዋ ጫፍ እጇን ጠርጋ አገጩን ያዘች፤ ብርሃኑ እንዲገባ ወደ ምዕራብ አዞረችው፤ ቀረበች፤ ይበልጥ ቀረበች። ትንፋሿ ጢሙን ነካው።

«ሁለት ዓመት» አለች በቀስታ። «ለዚህ ነበር?»

«አፈርኩ።»

አበቡ አገጩን አልለቀቀችም። የመሳቅም የማልቀስም ያልሆነ ነገር በፊቷ አለፈ። «እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ ከንፈሯን በመዳፏ እየሸፈነች፣ «ከእኔ ሽታ የምትሸሽ መስሎኝ ነበር።»

ኦይታ ይህን ገና አሁን ልብ አለ። እሷም ስትስቅ አፏን በሻሽዋ መሸፈን ከጀመረች ቆይታለች። ያገር ልማድ ነው ብሎ ይሆን ያለፈው? ወይስ አላየም?

እጇን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣው። አበቡ ትንሽ አመነታች፤ ግራና ቀኝ አይታ ማንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ ፊቷን ወደምትጠልቀው ፀሐይ አዙራ አፏን ከፈተች። ኦይታም ጎንበስ አለ።